የፔሮላችን (የደመወዝ ፕሮግራማችን) ሶርስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈው ኮድ፣ ጠፍቷል፤ ያለን ኢኤክስኢው (የሚከፈተው ፋይል) ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል?

ሐዋሳ_አይቲ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። አይቲ ይባል እንጂ ፕሪንተሩም፣ ዋይፋዩም፣ የፈተና ማባዣውም፣ የርዕሰ መምህሩ ስልክም እኔው ነኝ። አሁን ደግሞ ፔሮል ተጨመረልኝ።

የደመወዝ ፕሮግራማችን በቪዥዋል ቤዚክ 6 (ቪቢ 6) የተሠራ ነው፤ ዳታቤዙ የማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። የሠራው ልጅ አገር ከለቀቀ ቆይቷል። ለመጨረሻ ጊዜ የነካው በ2008 የደመወዝ ግብር ሲቀየር ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ መንካትም አላስፈለገም። ዊንዶውስ 10 ላይ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይሠራል። ሒሳብ ክፍል ያሉት እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሠሩበት። ኤፍ 5 ይጫናሉ፣ የደመወዝ ሽቱ ይወጣል፣ ይፈረማል፣ አለቀ።

ከሐምሌ 2017 ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። ግብሩ እንደገና ተቀየረ። ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ወደ 2000 ከፍ አለ፣ እርከኖቹም ተነሱ። ፕሮግራሙ ይህን ከየት ይወቅ? አሁንም በድሮው ይቆርጣል። 5000 ብር የሚያገኝ መምህር 500 መቆረጥ ሲገባው 697 ከ50 ይቆረጥበታል። ስለዚህ ሽቱን ከፕሮግራሙ አውጥተን ግብሩን ኤክሴል ላይ በእጅ እናርማለን። ጡረታው፣ ብድሩ፣ የዕድር ተቀናሹ ሁሉ ፕሮግራሙ ውስጥ ስለሆነ ጭራሽ መተው አልተቻለም። ከኤክሴሉ ጋር ሲመሳከር ደግሞ አንዳንዱ ሰው ላይ የ1 ሳንቲም ልዩነት ይመጣል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እትዬ ግን ለ1 ሳንቲምም እንቅልፍ የላቸውም።

ሶርሱ የት ገባ ትሉኛላችሁ። ልጁ ሲሄድ ሲዲ አስረክቦ ነበር። ሲዲው ካዝና ውስጥ ተገኘ። ላዩ ላይ በማርከር «ፔሮል ሶርስ» ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ ያለው ያው የመጫኛ ሴትአፕ ነው። ልጁን ፌስቡክ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። «እህቴ፣ ያ ላፕቶፕ ዛሬ የት እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው» አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ሶርስ ኮድ እንመልሳለን» የሚል ሰው አገኘሁ። ግማሹን ብር ቅድሚያ፣ ዳታቤዙንም አብረሽ ላኪ አለኝ። የሠራተኛውን ሁሉ ደመወዝ ለማላውቀው ሰው? ዘጋሁት።

እና ጥያቄዬ፦ ከኢኤክስኢ ሶርስ ኮድ ማውጣት የምር ይቻላል? ቪቢ ኮሌጅ ትንሽ ተምሬያለሁ፤ ፓይተን እሞካክራለሁ። ማሽን ኮድ ላይ ግን ዜሮ ነኝ።


ደጉ_ሰው፦

እህቴ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አንዴ ኮምፓይል ከሆነ (ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ ከተቀየረ) ሆነ። ለአለቆችሽ ንገሪና አዲስ ያሠሩ።


ቤዚክ_ነባር፦

ደጉ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ግን ኮምፓይለር ሁሉ እኩል አይረሳም።

በሲ ሻርፕ ወይም በጃቫ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ከነመልሱ ሁለት መስመር ነበር። እነሱ የክላሱንም የፈንክሽኑንም ስም ፋይሉ ውስጥ ይዘው ነው የሚዞሩት። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ቢሆን ደግሞ ስሙ ሁሉ ተራግፎ የማሽን ትዕዛዝ ብቻ ይቀርሽ ነበር። ቪቢ 6 መሃል ላይ ነው። እኔ ዕድሜዬን የበላሁበት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝርልሽ።

ቪቢ 6 ሁለት ዓይነት ኢኤክስኢ ያወጣል። አንዱ ፒ ኮድ ይባላል። ያኛው ማሽን ኮድ አይደለም፤ የቪቢ ራንታይም (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው የቪቢ ፋይል) እያነበበ የሚፈጽመው የራሱ ቋንቋ ነው። ፒ ኮድ ከሆነልሽ ዕድለኛ ነሽ፣ ለሶርሱ በጣም የቀረበ ነገር ይወጣል። ሁለተኛው ኔቲቭ ነው፤ እሱ ማሽን ኮድ ነው። ልጁ ምርጫውን ካልነካው ኔቲቭ ነው የሚሆነው፣ እንደዛ ሆኖ ነው የሚመጣው። ቪቢ ዲኮምፓይለር የሚባለውን ኢኤክስኢ መፍቻ አውርጂ፤ ነፃ የሆነ ላይት አለው። ኢኤክስኢውን ስትከፍቺለት የትኛው እንደሆነ ይነግርሻል።

ኔቲቭ ቢሆንም ሁሉም አልጠፋም። ፎርሞቹ በሙሉ አሉ። ራንታይሙ መስኮቱን ሲከፍት እያንዳንዱን በተን ስሙን፣ ቦታውን፣ መጠኑን፣ የተጻፈበትን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሁሉም ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። የትኛው በተን ሲጫን የትኛው ኮድ እንደሚጀምርም ይታወቃል። የማይመለሰው ልጁ በየመሃሉ የጻፈው ማስታወሻና የትንንሾቹ ቫሪያብሎች ስም ነው። ማስታወሻ ጽፎ ከነበረ ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን የጻፍነውን እኔም አውቀዋለሁ።

ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ጽሑፉ ነው። ከማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ ስትሪንግስ የሚባለውን ትንሽ መሣሪያ ኢኤክስኢው ላይ አሂጂው። ቪቢ 6 ጽሑፍ የሚያስቀምጠው ለአንድ ፊደል ሁለት ባይት እየሰጠ ነው። አንዳንድ መሣሪያ እሱን አያይም፤ ይሄኛው ሁለቱንም ያያል። የኤስኪውኤል ዓረፍተ ነገሮቹ (ዳታቤዙን የሚጠይቁት) እንዳሉ ይወጡልሻል። የአክሰሱ ዳታቤዝ ፓስወርድ ካለውም እዚያው ተዘርግፎ ታገኚዋለሽ፤ የዚያን ጊዜ ልማዳችን ነበር።

መሃል መሃል ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ካየሽ አትደንግጪ። ፋይሉ አልተበላሸም፣ አማርኛ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ የቁጥር ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ዊንዶውስም ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ቪቢ 6 ራሱ ደግሞ መስኮቶቹ ላይ ዩኒኮድ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ሁላችንም የላቲኑን ቁጥር ወስደን የግዕዝ ፊደል ሥዕል በሚያለብሱት ፎንቶች ነበር የምንጽፈው። ፎንቱ ሲነሳ ሥዕሉ ይነሳል፣ ቁጥሩ ይቀራል።

ግን እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት አክሰሱን ክፈቺ። የግብሩ እርከን አንድ ቴብል ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ቁጥሮቹን ቀይረሽ ሻይሽን ጠጪ። አንዴ የግብር ለውጥ ያንገላታው ሰው ብዙ ጊዜ እንደዛ ያደርጋል።


ሐዋሳ_አይቲ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነገሩኝን አደረግሁ።

ኔቲቭ ነው። ፓስወርዱ እንዳሉት ወጣ። (የልጁ ስምና 123። በጣም ሳቅሁ።) ቴብሎቹን አንድ በአንድ አየሁ፦ ሠራተኛ፣ ወር፣ ብድር፣ ዕድር፣ ቅጣት። የግብር ቴብል የለም። በስትሪንግስ ከወጣው ውስጥ ፈለግሁ፤ የኤስኪውኤሉ ዓረፍተ ነገር ደመወዙንና ተቀናሹን ከዳታቤዝ ያመጣል፣ ግብሩን ግን የትም አይጠይቅም። ቁጥሮቹ ኮዱ ውስጥ ናቸው ማለት ነው አይደል?


ባይት_ለቃሚ፦

አዎ፣ ኮዱ ውስጥ ናቸው። ይህ መጥፎ ዜና እንዳይመስልሽ። ቁጥር እኮ አይደበቅም።

የድሮው የግብር ሠንጠረዥ ተቀናሾች (ከመቶኛው ስሌት ላይ የሚነሱት) 60፣ 142.50፣ 302.50፣ 565፣ 955 እና 1500 ነበሩ። 142.50 የሚባል ቁጥር ፕሮግራም ውስጥ ለሌላ ጉዳይ ይገባል ብዬ አላስብም። እሱን ካገኘሽ የግብሩን ኮድ አገኘሽ። ቪቢ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ብሎ ካስቀመጠው 8 ባይት ነው፣ ሄክስ ኤዲተር (የፋይሉን ባይቶች የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ እንዲህ ይታያል፦

00 00 00 00 00 ዲ0 61 40

ልጁ ከረንሲ የሚለውን ዓይነት ተጠቅሞ ከሆነ ግን ቁጥሩ በ10,000 ተባዝቶ ነው የሚቀመጠው። 1425000 ማለት ነው፣ እሱም እንዲህ ነው፦

68 ቢኢ 15 00 00 00 00 00

ሁለቱንም ፈልጊ። ፓይተን እሞክራለሁ ስላልሽ፣ ስትራክት የሚባለው ሞጁል ማንኛውንም ቁጥር ወደነዚህ 8 ባይቶች ይቀይርልሻል።

ሲገኙ በቦታቸው አዲሱን ትጽፊያለሽ። እርከኖቹን እንዲህ አድርጊ፦ 3200 የነበረው 4000፣ 5250 የነበረው 7000፣ 7800 የነበረው 10000፣ 10900 የነበረው 14000። ተቀናሾቹ ደግሞ 142.50 ወደ 300፣ 302.50 ወደ 500፣ 565 ወደ 850፣ 955 ወደ 1350፣ 1500 ወደ 2050። መቶኛዎቹን አትንኪ፤ 15፣ 20፣ 25፣ 30፣ 35 እንዳሉ ናቸው።

የቀረው የ10 በመቶው እርከን ነው። አዲሱ ሠንጠረዥ ላይ የለም። ኮዱን መሰረዝ አያስፈልግሽም። 600ንም 1650ንም ሁለቱንም 2000 አድርጊያቸው። ያኔ «ከ2000 በላይ እስከ 2000» የሚል እርከን ይሆናል፤ ማንም አይገባበትም።

ኮፒ ላይ ሥሪ። ኦሪጅናሉን አትንኪ።


ደጉ_ሰው፦

ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው? ፋይሉን በእጅ መጻፍ? ዊንዶውስ ዝም ብሎ ይከፍተዋል?


ባይት_ለቃሚ፦

ይከፍተዋል። ዲጂታል ፊርማ ያለው ፋይል ቢሆን ፊርማው ይበላሽ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተሠራ የቪቢ ፔሮል ፊርማ የለውም። ርዝመቱ እስካልተቀየረ ድረስ፣ 8 ባይት በ8 ባይት ከሆነ፣ የሚሰበር ነገር የለም። አንቲቫይረሱ ሊያጉረመርም ይችላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።


ሐዋሳ_አይቲ፦

ተገኘ!! ደብል ነው። ዲ0 61 40 ብዬ ስፈልግ አንድ ቦታ ብቻ ላይ መጣልኝ፣ ከሥሩ ኢ8 72 40 አለ። ፓይተን ላይ ሳየው 302.50 ነው። ተደርድረው ተቀምጠዋል። ወንድሜ ተባረክ፣ ጮህኩኝ ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ኮፒው ላይ ሁሉንም ቀየርኩ። ግብሩ ልክ መጣ። ግን የደመወዝ ቅድሚያ የሚሞላበት መስኮት ተበላሸ። ድሮ ከ600 ብር በላይ ቅድሚያ ሲጠየቅ «አይፈቀድም» ይል ነበር፣ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። አሁን እስከ 2000 ዝም ብሎ ያሳልፋል። እኔ እሱን አልነካሁትም!


ባይት_ለቃሚ፦

ነክተሻል፣ ሳታውቂው። ኮምፓይለሩ ቆጣቢ ነው። 600 ሁለት ቦታ ላይ ከተጻፈ አንዴ ብቻ አስቀምጦ ሁለቱንም ወደሱ ይልካቸዋል። ሲ0 82 40 የነበረውን ወደ 40 9ኤፍ 40 ስትቀይሪው ግብሩም ቅድሚያውም አብረው ተቀየሩ።

ጊድራ የሚባለውን የማሽን ኮድ መመርመሪያ አውርጂ። የአሜሪካው ኤንኤስኤ ሠርቶ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በነፃ የለቀቀው ነው። ጃቫ ይፈልጋል፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን አንቺ የምትፈልጊው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኦሪጅናሉን ክፈቺበትና 600 ያለበት አድራሻ ላይ ሂጂ። ጎኑ ላይ ማን ማን እንደሚጠቅሰው ይዘረዝርልሻል። ሁለት መስመር ታያለሽ። አንዱ ቅድሚያው ነው፣ ሌላው ግብሩ። የግብሩን የምታውቂው ከሱ ቀጥሎ 1650፣ 3200 እያለ ስለሚወርድ ነው።

አሁን 600ን ራሱን ተዪው፣ 600 ይሁን። የግብሩ ትዕዛዝ ውስጥ የ600 አድራሻ በ4 ባይት ተጽፏል። እነዚያን 4 ባይቶች 1650 የነበረበት አድራሻ አድርጊያቸው። እዚያ ቦታ ላይ አሁን ያለው 2000 ነው አይደል? ግብሩ 2000ን ያያል፣ ቅድሚያው 600ን ያያል።

ሌሎቹንም እንደዚሁ እዪ። በተለይ 1500ን። ክብ ቁጥር ስለሆነ ሌላ ቦታ የሚያገለግል ከሆነ ያው ጣጣ ይመጣል።


ኦዲተሩ፦

ጣልቃ ልግባ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ልጁ ፕሮግራሙን ሲሠራ ተቀጣሪ ነበር ወይስ በኮንትራት? ውሉ ላይ ምን ይላል? ሰውዬው በሕይወት አለ፣ ፌስቡክ ላይም ይመልሳል። አንድ መስመር ፈቃድ አጽፊውና ፋይል ውስጥ አስገቢው።

ሌላው፣ ከሐምሌ በፊት ያሉት ወሮች በድሮው ኢኤክስኢ ነው መታየት ያለባቸው። ኦዲተር መጥቶ የ2016ን ሽት አውጪ ቢልሽ አዲሱ ፕሮግራም በአዲሱ ግብር አስልቶ ያወጣልሻል። ከተፈረመው ጋር አይገጥምም። ሁለቱንም አስቀምጪ፣ ስማቸውንም ለዪ።


ዶትኔት_ልጅ፦

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች፦ የእናንተ በዶት ኔት ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም የለም። አይኤልስፓይ ላይ ጎትታችሁ ጣሉት፣ ሲ ሻርፑ ይወጣል። አንድሮይድ ከሆነ ጃድኤክስ። ሆን ተብሎ የተወሳሰበ ካልሆነ በቀር ማለት ነው። በፓይኢንስቶለር የታሸገ ፓይተንም ይፈታል፣ የፓይተኑ ስሪት አዲስ ሲሆን ግን ዲኮምፓይለሮቹ ይንተባተባሉ።


ቤዚክ_ነባር፦

የባይት ለቃሚ ዘዴ ደስ ይላል። ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን እኔ ብሆን እዚህ ላይ አላቆምም።

እህቴ፣ የሚያስፈልግሽ ሶርስ ኮዱ አይደለም። ቢገኝስ? ቪቢ 6ን የሚጭንልሽ፣ በዚያ የሚጽፍልሽ ሰው ከየት ይመጣል? ማይክሮሶፍት ራሱ መሣሪያውን መደገፍ ያቆመው በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ነው። የሚያስፈልግሽ ስሌቱ ነው። የትኛው ተቀናሽ ከየትኛው በፊት ይነሳል? ጡረታው ከመነሻ ደመወዝ ነው ወይስ ከጠቅላላው? ወሩን ያልሞላ ሠራተኛ ደመወዝ በ30 ይካፈላል ወይስ በ26? ይህን ልጁም አያስታውሰውም። ኢኤክስኢው ግን ያውቀዋል።

ስለዚህ አዲሱን በፓይተን አንቺው ጻፊው። ዳታቤዙ አለሽ፣ ኤስኪውኤሉ አለሽ፣ ፎርሞቹ አሉሽ። በድሮው ግብር ጀምሪ። የድሮ ወሮችን በሁለቱም አስሂጂና ሽቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጪ። አንድ ሰው ላይ አንድ ሳንቲም ከተለያየ አንድ ደንብ አምልጦሻል ማለት ነው። ሁሉም ሲገጥም፣ ያኔ ብቻ፣ የግብሩን ሠንጠረዥ ቀይሪ። ያውም ቴብል ውስጥ አድርገሽ።

የ1 ሳንቲሟን ምስጢር ደግሞ አሁን ልንገርሽ። ጡረታው 233.625 ቢመጣ ኤክሴል 233.63 ያደርገዋል። የቪቢ 6 ራውንድ ግን ልክ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ተጋማሹ (ለ2 ወደሚካፈለው) ቁጥር ነው የሚሄደው፣ 233.62 ይሆናል። ልጁ ራውንድን ከተጠቀመ ልዩነቱ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፓይተን ላይ ዴሲማል የሚባለውን ሞጁል ይዘሽ አጠጋጉን እንደ ቪቢው አድርጊው። ካልሆነ ስታመሳክሪ ስታመሳክሪ ታብጃለሽ።


ሐዋሳ_አይቲ፦

ጋሼ ሳንቲሟን ለእትዬ ነገርኳቸው። «ከመጀመሪያውም ኤክሴል ነው ጥፋተኛው ብዬ ነበር» አሉ። እንዲህ ብለው አያውቁም፣ ግን ዝም አልኩ።

የአድራሻውን ነገር ሞከርኩ፣ ሠራ። 600 ለቅድሚያው ቀረ። 1500 ግብሩ ብቻ ነው የሚጠቅሰው፣ አየሁት። 1900 የምታገኘው ተመላላሽ ጽዳት ሠራተኛ ዜሮ፣ 5000 ላይ 500፣ 8500 ላይ 1275 መጣ። ኤክሴሉም ያንኑ ነው የሚለው። 14000 ድንበሩ ላይ 2850፣ 14001ም 35 ሳንቲም ብቻ ጨመረ። ልጁም «ፈቅጃለሁ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ» ብሎ ጽፎልኛል፣ ፕሪንት አድርጌ አስገባሁት።

ፓይተኑን ጀምሬያለሁ። አሁን የያዘኝ የሠራተኞቹ ስም ነው። ዳታቤዙ ውስጥ በዚያ በድሮ ፎንት ነው የተጻፈው፣ ፓይተን ሲያነበው ምልክት ብቻ ነው። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ነገር አለ?


ቤዚክ_ነባር፦

እንደ ፎንቱ ነው። አንዳንዱ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጣል። አንዳንዱ ግን ግንዱን ለብቻ፣ የካዕቡንና የሣልሱን ቅጥያ ለብቻ ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ ሁለት ቁጥር ሆኖ አንድ ፊደል ይሆናል። መጀመሪያ ፎርሙ ላይ የተጻፈውን የፎንት ስም እዪ፣ ቪቢ ዲኮምፓይለሩ ላይ ከበተኖቹ ጎን አለ። ከዚያ ሀ ሁ ሂ ብለሽ ባዶ ሪከርድ ላይ ጻፊና እያንዳንዱ ፊደል ምን ቁጥር እንደሆነ በፓይተን አውጪው። ሠንጠረዡን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እንሞላዋለን። የሰዎቹን ስም ግን እንዳትለጥፊ።